አላውቅም ያሉ አርባ አንድ ቤቶች

መልኩን ከማየቴ በፊት ቅጽል ስም አወጣሁለት።

በመጠይቃችን ላይ አንድ ማለት «አዎ» ነው፤ ዜሮ «አይ»፤ ዘጠና ስምንት ደግሞ «አላውቅም»። ወንዙ ዳር የሚኖሩ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤተሰቦች ተጠይቀው፣ አርባ አንዱ ላይ ዘጠና ስምንት ተጽፎ መጣ። ከአርባ አንዱ ሠላሳ ሰባቱን የሞላው አንድ መረጃ ሰብሳቢ ብቻ ነው።

«ይሄን ዘጠና ስምንት የሚሉት ሰውዬ ጥሩልኝ» አልኩ። ቢሮው ሳቀ። ስሙም በዚያው ጸና።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ወንዙ በየዓመቱ እየሞላ ቤቶቹን ያጥለቀልቃል። ነዋሪዎቹ ከፍ ወዳለ ቦታ ቢዛወሩ ዳርቻው ለሸንበቆና ለዛፍ ይለቀቃል፤ ከታች ያለው ከተማም ንጹሕ ውሃ ያገኛል። ዋናዋ ጥያቄዬ አንድ ናት፦ ለመነሳት ይስማማሉ ወይ? ከግማሽ በላይ ከተስማሙ ማዘጋጃ ቤቱ ዕቅዱን ይቀበላል። የሁለት ዓመት ሥራዬ በዚያች ጥያቄ ላይ ቆሞ ነበር።

በማግስቱ መጣ። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጥቶ፣ ጫማው ላይ የደረቀ ጭቃ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ከጆሮው ጀርባ እርሳስ ሰክቷል። እርሳሱ አልቆ አውራ ጣት አክሏል፤ ጫፉ ላይ ያለው ላጲስ ግን ከተገዛ ጀምሮ አልተነካም።

«የጠሩኝ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ተቀመጥ። ደግሞ አንቺ በለኝ፤ ገና አላረጀሁም።»

«እሺ… አንቺ» አለና ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ሠላሳ ሰባት ሰው አላውቅም አለኝ ነው የምትለው?»

«አዎ።»

«ጓደኞችህ አምስት ሆነው አራት ብቻ አገኙ።»

«እነሱ ይቸኩላሉ።»

«አንተስ?»

«እኔ እቆጥራለሁ።» ፊቴን አይቶ ፈገግ አለ። «እስከ ሃያ፣ በሆዴ። ሰው ሲጠየቅ መጀመሪያ ዝም ይላል። የቸኮለ ጠያቂ ሦስት ሳይሞላ ‹እና ተስማምተዋል ልበል?› ይላል። ሰውዬውን ይሉኝታ ይይዘውና ‹በል› ይላል። እኔ ሃያ እስክደርስ ትንፍሽ አልልም።»

«ሃያ ደርሰህም አላውቅም ካሉህ?»

«ያን ጊዜ ከልባቸው ነው።»

ልገሥጸው የጠራሁትን ሰው ማስታወሻ እየያዝኩለት ነበር።

«ሃያ ብዙ አይደለም» አልኩ።

«ሞክሪው።»

ሞከርኩ። ዓይን ለዓይን እየተያየን በሆዴ መቁጠር ጀመርኩ። አሥራ አንድ ላይ ስደርስ ወረቀቴን ማገላበጥ አማረኝ። እሱ ግን ዓይኑን ከእኔ አላነሳም።

ሥራውን ለማጣራት በሚል ወንዙ ዳር አብሬው መሄድ ጀመርኩ። አሥራ ሁለት ቤቶችን እንደገና ጠየቅን፤ አንድም መልስ አልተለወጠም። ማጣራቱ አለቀ፤ እኔ ግን መሄዴን አላቆምኩም። ጭቃ ያለበትን ወገን ሁልጊዜ እሱ ይይዛል። ሲመሽ ፌርማታው ድረስ ይሸኘኛል፤ እኔ ስሳፈር እሱ እዚያው ይቀራል። የሚቀጥለውን አውቶቡስ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር።

መቼ እንደወደድኩት በትክክል መናገር አልችልም፤ በእኔ ሙያ ይህ ያሳፍራል። አንድ ቀን ከአውቶቡሱ መስኮት ዞር ብዬ ሳየው እጁን እንኳ ሳያነሳ ቆሞ እያየኝ ነበር። ቤቴ እስክደርስ ድረስ የያዝኩትን መጽሐፍ አንዲት ገጽ አልገለጥኩም።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ሌላ አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ተቀብሎኛል፤ አራት ዓመት። መልሴን እስከ መጪው ሳምንት ዓርብ ይጠብቃሉ። ደስ ብሎኝ ይሁን ከፍቶኝ ሳላውቅ ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ አውጥቼ አነበብኩት፤ መልሼ አጠፍኩት።

በዚያው ቀን ፌርማታው ላይ ጠየቅኩት።

«ብሄድ ትጠብቀኛለህ?»

ዝም አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አውቶቡሱ መጣ።

«አላውቅም» አለ።

ተሳፈርኩ። ዞሬም አላየሁት።

እናቴ ፊቴን አይታ ሳትጠይቀኝ ገባት።

«ያ ልጅ ነው? ምን አለሽ?»

«አላውቅም አለኝ።»

«አላውቅም ያለ ወንድማ አውቆ ነው፤ ‹አይ› ማለት ከብዶት ነው እንጂ። ‹አፍ ያለው ያግባሽ› የሚሉት ወደው መሰለሽ?»

«እማዬ፣ እባክሽ።»

«እኔ ምን አልኩ? አባትሽን አግቢኝ ሲለኝ ‹አላውቅም› ብዬው ቢሆን ኖሮ አንቺ ዛሬ የት ነበርሽ?»

«ምን አልሽው ታዲያ?»

«ምንም። ሳቅኩ» አለችና ራሷም ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ሠንጠረዡን ከፈትኩ። አማካሪዬ ፕሮፌሰሩ ከወር በፊት የነገሩኝ ነገር ነበር፦ «አላውቅም ባዮቹን አውጫቸው፤ ያልወሰነ ሰው አይቆጠርም።» እስከዚያ ቀን እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን አላመነታም። አርባ አንዱንም አወጣኋቸው። የተናደድኩት በቁጥሮቹ ይሁን በእሱ ለራሴም አልተለየልኝም።

ውጤቱ አማረ። ከቀሩት ሁለት መቶ ሰባ አንድ ቤቶች አንድ መቶ ሃምሳ ሁለቱ ተስማምተዋል፤ ሃምሳ ስድስት በመቶ። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው አጨበጨቡልኝ።

ሰኞ ጥናቱን ለምርምር ተቋማችን ሠራተኞች አቀረብኩ። መረጃ ሰብሳቢዎቹም ተጠርተው ስለነበር እሱ የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ወደዚያ ላለማየት ስል ግራውን ግድግዳ ብቻ እያየሁ ተናገርኩ። በመጨረሻ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እጇን አወጣች።

«የጠየቃችሁት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ነው። እዚህ ያለው ሁለት መቶ ሰባ አንድ ነው። አርባ አንዱ የት ገቡ?»

«እነሱ መልስ አልሰጡም» አልኩ።

«ሰጥተዋል።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ተነስቶም አልቆመም። አዳራሹ ግን ወደ ኋላ ዞረ። እኔም ከአምስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። አልተቆጣም። ልክ ያን ቀን ቢሮዬ እንዳየኝ ያየኛል፤ እየቆጠረ እንደሆነ አወቅኩ። ስንት ላይ እንደደረሰ ግን አላወቅኩም። ፕሮፌሰሩ «እሺ፣ ሌላ ጥያቄ?» አሉ። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማሁ።

ማክሰኞ የአርባ አንዱን ቤቶች ዝርዝር ይዤ ብቻዬን ወንዙ ዳር ወረድኩ። ምን ፈልጌ እንደሄድኩ ብጠየቅ ዘጠና ስምንት ነበር መልሴ።

የመጀመሪያው ቤት በር ላይ አንዲት አሮጊት ልብስ ያሰጣሉ። ግድግዳቸው ላይ፣ ወገቤ ድረስ፣ ያለፈው ዓመት ውሃ የተወው ቡናማ መስመር አለ።

«እማማ፣ ባለፈው ተጠይቀው አላውቅም ብለው ነበር።»

«ስለማላውቅ ነዋ። ምኑ ይደንቃል?»

«መነሳት ግን ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም?»

«ወዴት?»

«ቦታው… ገና አልተወሰነም።»

«ይህቺ ጎረቤቴ ከጎኔ ትሆናለች? ሲያመኝ የምጠራት እሷን ነው።»

«እሱም ገና…»

እርጥቡን ጨርቅ ገመዱ ላይ ጥለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ታዲያ ልጄ፣ እኔ መልስ ያጣሁ መሰለሽ? አንቺ እኮ ጥያቄሽን አልጨረስሽውም።»

ዝርዝሩን አየሁ። እሳቸው መቆንጠጫ አቀበዪኝ አሉኝ፤ አቀበልኳቸው።

«ያ የእኛ ልጅ ግን ጨዋ ነው» አሉ። «ጠብቆ ጠብቆ፣ ያልኩትን እንዳልኩት ጻፈልኝ።»

«የእናንተ ልጅ?»

«ያ ሰማያዊ በር የእናቱ ነው። አብሮሽ እየሠራ አታውቂም? የራሱን ቤት እንኳ ሌላ ልጅ መጥቶ ነው የጠየቀው፤ የራስን መጠየቅ አይፈቀድም አለን።»

ከአርባ አንዱ እሱ ያልሞላቸውን አራት ቤቶች ዝርዝሩ ላይ ፈለግኩ። አንዱ ያ ሰማያዊ በር ነበር። እናትና ልጅ። ለመነሳት ይስማማሉ? ዘጠና ስምንት። እኔ ደግሞ ሐሙስ ጠዋት ተናድጄ አውጥቻቸዋለሁ።

ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤተሰቦችን ስድሳ አራት ስድሳ አራት ጥያቄ ጠይቄያለሁ። እሱን የት እንደሚኖር ጠይቄው አላውቅም። ፌርማታው ላይ የሚቀረው አውቶቡስ ሊጠብቅ አልነበረም፤ ቤቱ እዚያው ነው።

ቢሮ ተመልሼ አርባ አንዱን ወደ ቦታቸው አስገባኋቸው። የተስማሙት ከግማሽ በታች ወረዱ። ለፕሮፌሰሩ ነገርኳቸው።

«አላውቅም ማለት ውጤት አይደለም» አሉኝ።

«መልስ ግን ነው። ጥያቄው ጎዶሎ ነው ማለት ነው። ቦታውን ነግረን እንደገና እንጠይቅ።»

«የጥናቱ ጽሑፍ ስድስት ወር ይዘገያል። አንቺ ደግሞ መሄጃሽ ደርሷል።»

«ይዘግይ። ከሄድኩም ከዚያ ሆኜ እጨርሰዋለሁ።»

መነጽራቸውን አድርገው አዩኝ። «ያ ልጅ አበላሸሽ» አሉ። በመጨረሻ ግን እንደገና እንድንጠይቅ ፈቅደው ፈረሙ።

ዓርብ ጠዋት ሰማያዊውን በር አንኳኳሁ። እሱ ራሱ ከፈተ። ከኋላው እናቱ «ማነው?» ይላሉ።

«ከቢሮ ናት» አለና በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣ። ወንዙ ከእግራችን ሃያ እርምጃ አይሞላም።

«መልሼ አስገባኋቸው» አልኩት። «አርባ አንዱንም።»

«ሰማሁ። ከቢሮ ነገሩኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም? እዚህ እንደምትኖር።»

«አልጠየቅሽኝም። ቆይቼ ደግሞ አፈርኩ።» እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ በጣቶቹ አሽከረከረው። «አራት ዓመት የት ሆኜ እንደምጠብቅሽ የሚወስነው እኮ ያንቺ ሠንጠረዥ ነው። ደግሞ እንድጠብቅሽ ፈልገሽ ይሁን፣ ‹አልጠብቅም› ብዬ እንድገላግልሽ ፈልገሽ ይሁን አልገባኝም።»

«እኔም አልገባኝም ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ብዙው አልገባኝም። አንዱ ግን ገብቶኛል።» ወደ እሱ አንድ እርምጃ ተጠጋሁ። «ጥያቄዬን አልጨረስኩትም ነበር። ልጨርሰው?»

ራሱን ነቀነቀ።

«ለአራት ዓመት እሄዳለሁ። በየዓመቱ አንድ ወር እመጣለሁ፤ ስመጣም የምመጣው ወደዚህ ነው፤ ቤታችሁ ወደ ላይ ቢነሳም ወደዚያ። ብቸኝነት ይይዘኛል፤ አንተንም ይይዝሃል። ስጨርስ ተመልሼ እዚህ እሠራለሁ። እና… እንድትጠብቀኝ እፈልጋለሁ። ባለፈው ይህችን አላልኩም። ትጠብቀኛለህ?»

ዝም አለ።

እኔም ዝም አልኩ። አውቶቡስ የለም፤ የማገላብጠው ወረቀትም አልያዝኩም። ዓይኑን እያየሁ መቁጠር ጀመርኩ። አምስት ላይ ከውስጥ የእናቱን ሳል ሰማሁ። አሥራ አንድን አለፍኩ። አሥራ ሰባት ላይ እርሳሱን ኪሱ ከተተና እጄን ያዘ።

«ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል» አለ። «ስንት ደረስሽ?»

«አሥራ ሰባት።»

«ጨርሺ» አለኝ።

አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ። እጄን አልለቀቀም። በሩ ከኋላችን ተከፈተና እናቱ ብቅ አሉ። እኔን አዩ፣ እጃችንን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉት።

«አንድ ነው እማዬ» አለና ወደ እኔ ዞረ። «አንድ ብለሽ ጻፊ።»