ጋሽ ይርጋ ከወጡ በኋላ

በሐረግ ሥር ከተማ ሽቅብ አንጋጦ የሚያይ እንግዳ ብቻ ነው። ነዋሪው ለምዶታል። ከመሬት ተነስቶ፣ ደመናውን በስቶ፣ ጠፈር ላይ ካለው ጣቢያ የሚደርሰውን ገመድ «ሐረጉ» ይሉታል። ሰው የጫነው ሳጥን በሐረጉ ላይ ሽቅብ ሲሳብ የከተማው መስኮት ሁሉ ይርገበገባል። ሻይ የያዘ ሰው እንዳይፈስበት ብርጭቆውን ከጠረጴዛው ያነሳል፤ ሲያልፍ መልሶ ያስቀምጥና ወሬውን ይቀጥላል።

ውጤት በወጣ ማግስት ግን አንጋጠው የሚያዩ ልጆች አይጠፉም። የምህንድስና መግቢያ ፈተናውን የወደቁት ናቸው። ያለፉት ማምሻውን በሳጥኑ ወደ ላይኛው አካዳሚ ይሄዳሉ። የወደቁት ምክር አዳራሹ ውስጥ ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ።

በከተማው ደንብ ፈተናውን ያዘጋጀ ሰው የወደቁትን ፊት ለፊት ተቀምጦ ማናገር አለበት። ሌሎቹ አዘጋጆች ያን ቀን አንድ ሕመም አያጡም። ኢንጂነር ትርሲት ግን ቀርታ አታውቅም፤ በዚህም በልቧ ትኮራ ነበር።

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው የኔ ልጅ» ትላለች ለእያንዳንዱ። «ሐረጉን ያቆመው መሐንዲስ ብቻ መሰለህ? ቴክኒክ ኮሌጁ አለ። የውሃና የአፈር ትምህርት ክፍሉ ገና ተማሪ እየተቀበለ ነው። ወርክሾፕ ገብተህ እጅህን አፍታተህ ለከርሞ መፈተንም ትችላለህ። ዓለም አልጠፋችም።»

ከአንጀቷ ነበር የምትለው፤ ደግሞም እውነት ነው። ባለፉት ዓመታት መክራ ከሸኘቻቸው ውስጥ በሄዱበት ያማረባቸው ብዙ ናቸው።

ለቤቷ ልጅ ግን ይህን ምክር አልሰጠቻትም። ሐመልማል የእህቷ ልጅ ናት። እናትየው ላይኛው ጣቢያ ስለምትሠራ ልጅቷ ያደገችው በትርሲት እጅ ነው። እሷም ወድቃለች። ጠዋት ቁርስ ቀርቦላት ሳትነካው ስትቀመጥ ትርሲት ሐዘኗ ወደ ቁጣ ተለወጠባትና፣ «ስህተቱ አፍንጫሽ ሥር ሆኖ አላየሽውም! የመሐንዲስ ዐይን የለሽም፣ በቃ!» አለቻት። ሐመልማል «እሺ አክስቴ» ብላ ሳህኑን አነሳች። ያ «እሺ» ከጠዋት ጀምሮ ትርሲትን ሲቆጠቁጣት ዋለ።

ከሰዓት በኋላ ቦሩ የሚባል፣ ከያቤሎ አካባቢ የመጣ ረጅም ልጅ ተራው ደረሰ። ምክሩን ጨርሶ ሰማ፣ አመሰገነ፣ ተነሳ። ግን አልሄደም።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ጠይቅ እንጂ።»

«ጋሽ ይርጋ ደህና ናቸው?»

ትርሲት ሳቋ መጣ። ጋሽ ይርጋ ሰው አይደሉም። ፈተናው የሚሰጠው በምስለ ዓለም ውስጥ ነው፤ ይኸውም ቆብ ያጠለቀ ሰው የሚያየው፣ የሚሰማው፣ የሚዳስሰው፣ ግን የሌለ ክፍል ማለት ነው። ተማሪው እዚያ ሲገባ ጋሽ ይርጋ የሚባሉ ሽማግሌ መሐንዲስ «ና ልጄ» ብለው ይቀበሉታል። ቧንቧ እየነካኩ፣ እያሳሉ፣ እየቀለዱ ሥራውን ያሳዩታል። በመጨረሻ የግፊት መዝጊያውን ሆን ብለው ወደ ተሳሳተው ጎን ያዞሩና «ይኸው፣ አሁን ሰላም ነው» ብለው በሩን ዘግተው ይወጣሉ። ፈተናው ይህን ስህተት ማየት ነው። ትርሲት የጋሽ ይርጋን መልክና ድምፅ የወሰደችው እሷን ካስተማሯት፣ አሁን በሕይወት ከሌሉ አንድ አዛውንት ነበር። በጣም ትወዳቸው ስለነበር በጣም ደግ አድርጋ ሠራቻቸው።

«ጋሽ ይርጋ ምስል ናቸው እኮ፤ አይሞቱም» አለችው።

«አውቃለሁ፤ ግን እውነት መስሎ ከሐሳቤ አልወጣም። ያሳሰበኝ መዝጊያው ነው። ወደ ግራ አዙረውት ወጡ። ወዲያው መለስኩት፤ ግን ቀጥሎ ለገባው ተማሪም እንዲሁ አዙረውት፣ እሱ ሳያየው ቀርቶ አደጋ ደርሶ እንዳይሆን ብዬ ነው።»

የትርሲት ፈገግታ ፊቷ ላይ ደረቀ። ፊት ለፊቷ ያለው የቦሩ ውጤት «ስህተቱን አላስተዋለም» ይላል።

«አይተኸው ነበር?»

«እንዴት አላየውም?»

«ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም?»

ቦሩ ወለሉን ተመለከተ። «እሳቸውን? በዚያ ዕድሜያቸው? በምን አፌ ተሳስተዋል እላቸዋለሁ? ዕቃውን የሠሩት ራሳቸው ናቸው። እንደወጡ ግን አስተካክያለሁ፤ አልዘገየሁም።»

ትርሲት ወረፋውን ትታ ተነሳች። ወደ ማሽን ክፍሉ እየሮጠች ነው የሄደችው።

ፈተናውን የሚሰጠው ማሽን ሁሉን ቀርፆ ያስቀምጣል፤ የሚያርመው ግን እስከታዘዘው ድረስ ብቻ ነው። ትእዛዙን የጻፈችው እሷ ናት፦ ጋሽ ይርጋ በሩን ሲዘጉ እርማቱ ያበቃል። እስከዚያ ያልተናገረ ተማሪ አላየም ማለት ነው ብላ ነበር። አሁን በሩ ከተዘጋ በኋላ ያለውን አንድ በአንድ ከፍታ አየች። አንዱ ዳናቸው እስኪርቅ ጆሮውን ጥሎ ቆየና መዝጊያውን መለሰው። አንዷ ደግሞ ከመውጣታቸው በፊት «ጋሽ ይርጋ፣ እኔ ደነዝ ነኝ መሰለኝ፣ አልገባኝም፤ እንደገና ያሳዩኝ?» ብላ ራሳቸው እንዲያርሙት ዕድል ሰጥታቸው ነበር። ማሽኑ ከስሟ ፊት «አልገባትም» ብሎ ጽፎባታል።

የሐመልማልን ለመጨረሻ አቆየችው። ከፈተችው።

ልጅቷ በሩ እስኪዘጋ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች። ከዚያ መፍቻውን አነሳች፣ መዝጊያውን መለሰች፣ የግፊቱ መርፌ እስኪረጋ ጠበቀች። ሲረጋ መፍቻውን እሳቸው ጥለውት በነበረው ቦታ፣ እጀታው ወደ ዞረበት አዙራ፣ መልሳ አስቀመጠችው። ተመልሰው ቢመጡ ሰው እንዳረማቸው አያውቁም።

ትርሲት ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ለሐመልማል አለቀሰች፤ በዚያ ጠረጴዛ ላይ እጃቸውን ይዛ «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» እያለች ከሕልማቸው የመለሰቻቸው ልጆችም መጡባት። በሄዱበት ደስተኛ የሆኑ አሉ፤ ይህ ግን የሷን ጥፋት አያሳንሰውም። የገዛ ስህተቷን በልጆቹ ራስ ላይ ጭና፣ መልሳ አጽናኝ ሆናላቸው ነበር።

የፈተናው ኃላፊ ዶክተር ኢዮስያስ የቀድሞ ተማሪዋ ነው። ስትገባ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላት። አልተቀመጠችም፤ ቆማ ነገረችው።

«ሐረጉ ላይ ይሉኝታ ሰው ይገድላል፣ እትዬ ትርሲት» አለ ሰምቷት ሲጨርስ። «እያየ ዝም የሚል መሐንዲስ ሳጥን ሙሉ ሕዝብ ያስጨርሳል።»

«ልክ ነህ። ግን እኛ 'አልተናገሩም' አላልንም፤ 'አላዩም' ነው ያልነው። መናገር ማስተማር ይቻላል። ዕውር ናችሁ ብለን ነው ያባረርናቸው።»

ያን ጊዜ ነው የኢዮስያስን ፊት ልብ ያለችው። አልደነገጠም።

«ኢዮስያስ፣ ታውቅ ነበር?»

ቀለበቱን በጣቱ ላይ አሽከረከረ። «ሁላችንም እናውቃለን፣ እትዬ። ማሽን ክፍል ያሉትም ያውቃሉ። ግን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ፈተናውም የእጅዎ ሥራ ነው፤ እንዴት እንደሚወዱት እናያለን። ማን ደፍሮ ይንገርዎት? ጡረታዎ ስለተቃረበ፣ ከወጡ በኋላ ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን ተባብለን ነበር።»

በሩን ዘግታ እስክትወጣ ቆመው ሲጠብቋት ኖረዋል፤ እሷ ጋሽ ይርጋ ሆናለች።

«አንተ እኮ ይህን ፈተና አልፈሃል» አለችው። «ለጋሽ ይርጋ ፊት ለፊት ተናግረህ ነው ያለፍከው።»

«እሳቸውማ ምስል ናቸው» አለ ኢዮስያስ፣ ዐይኑን ከመሬት ሳያነሳ። «እርስዎ ግን ሰው ነዎት።»

የሚናገር ሰው ለመምረጥ የሠራችው ማሽን የመረጠላት ለምስል የሚደፍሩትን ነበር። ሰው ፊት ሲቆሙ ያለፈውም የወደቀውም አንድ ነው። በመሃል ዓመታት አለፉ፤ ልጆች ተባረሩ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለችው። «ሳጥኑን አስቁም።»

«ሕዝቡ ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል!»

ኢዮስያስ የማዘዣውን ቁልፍ ተጫነ። የተሳፋሪ ማሳፈሪያው መብራት ጠፋ።

ትርሲት ወደ አዳራሹ ተመልሳ ድምፅ ማጉያውን ያዘች። የወደቁት ነበሩ፤ ሻንጣቸውን እንደያዙ ምን ሆነ ብለው የመጡት ያለፉትም ነበሩ። ሐመልማል በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ቴክኒክ ኮሌጅ ልትመዘገብ ነበር የመጣችው።

«ልጆቼ፣ አይታችኋል። እያያችሁ አላያችሁም ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ስህተቱ የእኔ ነው። ያለፉት ይሄዳሉ፤ የናንተ ግን በሩ ከተዘጋ በኋላ ያለው ታይቶ እንደገና ይታረማል። ያኔ ያለፈ አብሯቸው ይወጣል። ከናንተ በፊት ለወደቁት ግን ዓመታቸውን የምመልስበት መንገድ የለኝም። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ልጆቹ ከያሉበት ተነሱ።

«ኧረ ምንም አይደል እትዬ!»

«ሰው አይደሉ? ሰው ይሳሳታል!»

«ኧረ አያልቅሱ በእናትዎ!»

ቦሩ ሮጦ ውሃ አመጣላት። አንዷ ወንበር ሳበችላት፤ ሌላዋ ትከሻዋን ታሻት ጀመር። ትርሲት ውሃውን ይዛ ዙሪያዋን ታያለች። የዘመናቸውን በር የዘጋችባቸው ልጆች ያባብሏታል። አንድ የሚቆጣት ጠፋ። ስድብ እንኳ ይቀላት ነበር።

«ምንም አይደል አትበሏት!»

ሁሉም ዞረ። ሐመልማል ነበረች።

«ቀላል አይደለም፣ አክስቴ። ፈጽሞ ቀላል አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ እኔ ደደብ ነኝ እያልኩ ነው ያደርኩት። ጠዋት ደግሞ አንቺ ጨመርሽበት። አንድ ጊዜ እንኳ 'ምን አየሽ?' ብለሽ ጠይቀሽኛል?»

«ተይ እንጂ፣ ነውር ነው» ብሎ አንዱ ልጅ እጅጌዋን ጎተታት።

ትርሲት ውሃውን አስቀምጣ ከወንበሩ ተነሳች።

«ተዋት» አለች። «ቀጥይ ልጄ። አልወጣም።»

ሐመልማል እንባዋን በእጇ ጠርጋ ቀጠለች፤ ትርሲትም ፊቷን ሳትመልስ ሁሉንም ሰማቻት።