የእጅጌው ወረቀት

ልብስ ሰፊው ሙሉ ዋጋውን ከፍሎ ገና ባልገባበት ቤት ውስጥ፣ መሰላል ሥር ተዘርሮ ተገኘ። ማጅራቱ ተሰንጥቋል። የንባብ መነጽሩ ባንድ ጆሮው ተንጠልጥሏል።

መርማሪዋ ተንበርክካ መነጽሩን አየችና የጨበጠውን እጅ ፈታች። መዳፉ ውስጥ የጥፍር ያህል የወረቀት ቁራጭ ነበር፤ ቁራጩ ላይ የሰማያዊ ማኅተም ጠርዝ ይታያል።

«ጣሪያውን ሊያይ ወጥቶ ነው የወደቀው» አለ ታናሽ ወንድሙ። ሁለቱ አንድ ሱቅ ውስጥ ይሰፉ ነበር። «ተው ብለው መቼ ይሰማል!»

«አብረኸው ነበርክ?»

«ኧረ እኔ ሱቅ ነበርኩ። በስልክ ነግሮኝ ነው።»

የግቢው በር ላይ አራት የሙጫ ምልክቶች ገና በቅጡ አልደረቁም።

«እኔን አይጠይቁኝ» አለ ቤቱን ያሻሻጠው ደላላ። «ሥራዬ ማገናኘት ነው። ጠዋቱን ሙሉ ሌላ ሰፈር ቤት ሳሳይ ነው የዋልኩት፤ ሦስት ሰው ይመሰክራል።»

ሻጯ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ዓይናቸው አብጧል። «ባንኩ ነው የለጠፈው፣ የሐራጅ ማስታወቂያ። ቤቱ በዕዳ ተይዟል። አልደበቅሁም! ለታናሽየው የመጀመሪያውን ቀን ነግሬዋለሁ። ቀብዱን ተቀበልኩ፤ የቀረውን ‹እኔ ባንክ አስገባለሁ፣ እርስዎ አይድከሙ› አለኝ። አመንኩት።»

«ለታላቁስ ነገሩት?»

«‹ለወንድሜ እኔው እነግረዋለሁ› አለኛ።»

የሟቹ ሚስት ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ፣ በዚያው ቀን ሰፍቶ ያደረሰላትን ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች። ልኩ ጠብ አይልም።

«እህቴ፣ ቤቱ ዕዳ እንዳለበት ማን አጣራ?»

«ዋርሳዬ ነዋ። ‹ወንድሜ ካየው እኔ አየሁት› አለ ባሌ። ወረቀቱን በዓይኑ አላየውም። ሃያ ሁለት ዓመት በኪራይ ቤት እየተንከራተትን ያጠራቀምናትን አንስቶ ለወንድሙ ሰጠው።» ድምጿ ተሰበረ። «አሁን ቤቱ የኔ ነው አይደለም?»

 

በሦስተኛው ቀን ሁሉንም በልብስ ስፌቱ ሱቅ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ይህ መነጽር የሚያሳየው እጅ ላይ ያለውን ብቻ ነው» አለች። «እሱን አድርጎ መሰላል የሚወጣ የለም። ሟቹ ቆሞ እያነበበ ነበር። የሚያነበው ወረቀት ግን ክፍሉ ውስጥ የለም። እንግዲህ ገዳዩ ነጥቆታል ማለት ነው፤ መሰላሉንም ያቆመው በኋላ ነው። ወረቀቱ እንዲጠፋ የሚፈልግ ማን ነው? ሻጯ ዕዳቸውን ራሳቸው ነገሩኝ። ደላላው የት እንደዋለ አረጋግጫለሁ።»

«ታዲያ እኔ ነኝ?» አለ ታናሽየው እየሳቀ።

መርማሪዋ ግድግዳው ላይ ከተንጠለጠሉት የልብስ መቁረጫ የወረቀት ልኮች አንዱን ከሚስማሩ አወረደች።

«እዚህ ሱቅ ትልቅ ወረቀት አይጣልም። የሲሚንቶ ከረጢት እንኳ ልክ ይቆረጥበታል። ሁሉም ቡናማና ያረጁ ናቸው፤ ይህ የእጅጌ ልክ ግን ነጭ ነው። ጠርዙ ላይ ሙጫ ደርቋል።»

ገለበጠችው። የሐራጁ ማስታወቂያ ነው። ቁራጩን ከጎኑ ስታስጠጋው ማኅተሙ ሞላ።

«ያደግክበት ልማድ አስያዘህ። ሌላ ሰው ቢሆን ያቃጥለው ነበር።»

ታናሽየው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «በብሩ ጨርቅ ነግጄ ልመልሰው ነበር… ከሰርኩ። ማስታወቂያውን ገንጥሎ ጠራኝ። ‹ብሩን የት አደረስከው?› ብሎ አነቀኝ። ገፋሁት፤ በማጅራቱ ደረጃው ላይ…»

«ብሩስ?» አለች ሚስትየው።

«የለም።»

ማንም ሳይከለክላት ተነስታ ወረቀቱን ከመርማሪዋ እጅ ወሰደች። የጥቁር ቀሚሷ እጅጌ ላይ ዘርግታ አየችው። ከትከሻዋ እስከ አንጓዋ ልክ ነበር።

«እትዬ…» አለ ታናሽየው።

«አትጥራኝ!»

ከጠረጴዛው መቀስ አነሳችና የእጅጌዋን ስፌት ከትከሻዋ ጀምራ መተርተር ያዘች።