የሁለት ሰው መደብ

እኔ ወዳጄ፣ በዛርም ሆነ በመንገድ መንፈስ የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ሰው እንዲህ አየሁ፣ እንዲህ ሰማሁ ሲል “ጠላው ጠንክሮብህ ነው” እያልኩ የምስቅ ነበርኩ፣ አሁንም ያየሁትን እንጂ ያላየሁትን አልነግርህም።

ቤተ መንግሥቱ ገና ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ሲዛወር የነበረበት ጊዜ ነው። ጎረምሳ ነኝ፣ ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ጎጆ እንኳ የለኝ። ከአልዩ አምባ ጥጥ በአህያ ጭኜ ደብረ ብርሃን አወጣለሁ፣ ከዚያ በርኖስ ይዤ እወርዳለሁ፣ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ንግዱ ሰበብ ነው፣ የምወደው አገር ማየት ነበር፣ ገደል አፋፍ ተቀምጬ ቆላውን ቁልቁል ሳይ እውላለሁ። ለማደሪያ ደግሞ አንዲት አሞሌ ጨው አውጥቼ አላውቅም። ማን ሚካኤልን እንደሚዘክር፣ ማን ለማርያም እንደሚደግስ አገሩን ሁሉ አጥንቻለሁ፣ መንገዴን በታቦቱ ቀን አሰላዋለሁ፣ ልክ ድግሱ ደጅ ስደርስ ይመሽብኛል። “ቤቶች! የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ!” ካልኩ ማን ይመልሰኛል? “ለአንድ ራሴ ጎጆ መሥራት እብደት ነው፣ ሸዋ ሁሉ ቤቴ ነው” እያልኩ እኩራራ ነበር።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት አንኮበር ያለ የአንድ ባለጸጋ ዝክር አስቤ ከደብረ ብርሃን ተነሣሁ። አፋፉ ጋ ስደርስ ጉሙ መጣ፣ ምን አለፋህ፣ የአህያዬን ጆሮ እንኳ ከለከለኝ። በዚያ ብርድ ውጭ ያደረ ሰው ጠዋት ደርቆ እንደሚገኝ አውቃለሁና ፈራሁ። ድንገት ጭስ ሸተተኝ፣ ተከትዬው ከአንዲት ብቸኛ ጎጆ ደጅ ደረስኩና ተጣራሁ።

“ቤት የእግዜር ነው፣ ግቡ ልጆቼ” አለች አንዲት አሮጊት ከውስጥ።

ገባሁ። እግሬን በሞቀ ውሃ አጠበችኝ፣ ስትጨርስ ግን ሌላ ውሃ ቀድታ በሩን እያየች ቁጭ አለች።

“ጓደኛህስ? ለምን አይገባም?”

“ብቻዬን ነኝ እሜቴ።”

“ኧረ ተው! በዚህ ብርድ ሰው ደጅ ይቀራል?”

ጃጅታለች አልኩ በልቤ። መደቡን ሳይ ግን ሁለት ቁርበት ጎን ለጎን ተነጥፏል። ወዲያው ውጭ የእግር ኮቴ ሰማሁ፣ ጭቃውን ደጃፉ ላይ ሲያራግፍ ሰማሁ፣ ባዕድ ስታይ የምታናፋው አህያዬ ዝም አለች።

“ቤቶች! የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ!”

እመነኝ፣ ድምፁ የኔ ነው። የኔን ይመስላል አላልኩህም፣ የኔው ነው፣ “እግዜር” ላይ የምጎትታት እንኳ ሳትቀር።

“ምን ታየኛለህ? መልስለት እንጂ” አለችኝ አሮጊቷ።

እኔ በዚያች ቃል የኖርኩ ሰው ሌላውን እንዴት ልከልክለው? “ቤት የእግዜር ነው፣ ግባ” አልኩ። በሩ ተከፈተ፣ ጉም ገባ፣ ሰው የለም። እሷ ግን ተንበርክካ ማጠብ ጀመረች፣ ውሃው ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል፣ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ። ጎህ ሲቀድ በጎኔ ያለውን ቁርበት ዳሰስኩት፣ ይሞቅ ነበር። አሮጊቷ ደጅ ድረስ ወጥታ “በሰላም ግቡ” ብላ ሸኘችን፣ ሸኘችኝ ማለቴ ነው።

ከዚያ ወዲህ በገባሁበት ቤት ሁሉ ለሁለት ይነጠፋል። “ጓደኛህስ?” ይሉኛል። አንዳንዱ ከኋላዬ ሲመለከት ቆይቶ በሩን ይዘጋብኛል፣ መዘዞ ላይ በረት ውስጥ ከበግ ጋር ያደርኩበት ቀን አለ። ሸዋ ሁሉ ቤቴ ነው ያልኩ ሰው ማደሪያ አጣሁ፣ ምርር ብሎኝ አንኮበር ዳገት ላይ የራሴን ጎጆ ቀለስኩ።

በገባሁ ዕለት ጎረቤቴ አያ ወልዴ እንደ ደንቡ ጎንበስ ብሎ “ቤት ለእምቦሳ!” አለ። እኔ እንጨት ተሸክሜ ከኋላው ነበርኩ። “እምቦሳ እሰሩ!” አለው አንድ ሰው ከውስጥ።

አያ ወልዴ ዞር ብሎ አየኝ። “ብቻህን መስለኸኝ፣ ወንድም አለህ እንዴ?”

ይኸው አርጅቻለሁ፣ ሚስትም አላገባሁ። ማታ ማታ ከባዶ ቤቴ ደጅ ቆሜ “ቤት ለእምቦሳ” እላለሁ፣ ይመልስልኛል፣ እገባለሁ። አትፈራም ወይ ትለኝ ይሆናል፣ ድሮ እፈራ ነበር፣ ለምጄዋለሁ። ትናንት ግን ተጣርቼ ዝም አለኝ፣ ደግሜ ተጣራሁ፣ ዝም፣ እሳቱ ከውስጥ ሲነድ እያየሁ፣ ግባ ሳይሉት እንደማይገባ እንግዳ ከገዛ ደጄ ላይ ቆሜ ቀረሁ።