የማንጠግቦሽ ቃሬዛ

ጠጋ በሉ። ከኋላ ያለኸው፣ በሩን ዝጋው።

ለዓይን ያዝ በሚያደርግበት ሰዓት ነው። መንገዱ በገደል አፋፍ የሚሄድ፣ አንድ ጎጆ እንኳ የማይታይበት መንገድ ነው። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ማን ነው? ወንድይፍራው ነው፣ የመንደሩ ድሬሰር። መርፌ የሚወጋው፣ ቁስል የሚያጥበው እሱ ብቻ ነበር።

ይህ ሰው በዚያ መንገድ ማለፍ አይወድም። ለምን? ልንገራችሁ።

ከስድስት ዓመት በፊት ማንጠግቦሽ የምትባል ሙሽራ ሆዷን በአንድ ጎን ቆረጣት። ደም ፈሰሳት፤ ላብ አጠመቃት። ልትነሳ ስትል ዓይኗ ጨለመ። ባሏ ቢያድግልኝ ሮጦ ድሬሰሩን አመጣ። ወንድይፍራው ግን ከደጃፍ አላለፈም። የሴት ነገር መጠየቅ አፈረ። የወር አበባሽ መቼ ቀረ አላላትም። እጇን ይዞ ትርታዋን አልቆጠረም። "የወር አበባ ሕመም ነው፤ እስከ ነገ ይተዋታል" ብሎ ሄደ።

በማግስቱ በቃሬዛ ሲወስዷት፣ ሆስፒታል ሳትደርስ፣ እዚያ አፋፍ ላይ ሞተች። ጽንሱ ከማህፀን ውጭ ይዞ ኖሮ ፈንድቶ፣ ደሟ ሆዷ ውስጥ ፈሶ አልቋል። ወንድይፍራው ይህ የገባው ቆይቶ ነው። ለማንም ግን ትንፍሽ አላለም።

ታዲያ በዚያ ምሽት ምን ሰማ? መጀመሪያ ኮቴ ሰማ። ዞሮ አየ፤ ማንም የለም። ሄደ፤ ኮቴውም ሄደ። የአንድ ሰው አይደለም፣ የብዙ ሰው ኮቴ ነው። ቀጥሎ የሰው ማለክለክ ሰማ። ቀጥሎ "ተቀበሉን!" የሚል ድምፅ መጣ።

ቃሬዛ የተሸከሙ አራት ሰዎች ከጭጋጉ ወጡ። ቃሬዛ አይቶ ማን ዝም ብሎ ያልፋል? አንዱን ተቀብሎ ትከሻውን ሰጠ።

"የታመመው ማን ነው?"

"ሴት ናት።"

"ምኗን?"

"ሆዷን። ደም ይፈሳታል።"

ወንድይፍራው ቆመ። "አውርዷት! በጀርባዋ አስተኝቼ እግሯን ከፍ ላድርግላት። ትርታዋን ልቁጠር!"

"አሁን?" አሉት ሁሉም በአንድ አፍ። "ያኔ ነበር እንጂ!"

አወረዱለት። ጋቢውን ገለጠ። ማንጠግቦሽ ናት! ፊቷ አመድ መስሏል።

"ጋሼ፣ እጄን ይያዙኝ" አለችው። "ይቁጠሩልኝ።"

ያዛት። እጇ በረዶ ነው። ጠበቀ፣ ጠበቀ፤ አንድ እንኳ አልመታም። ጣቶቿ ግን የእጁን አንጓ ጭምድድ አደረጉት!

ሲነጋ ወንድይፍራው ቢያድግልኝ ደጅ ተንበርክኮ ተገኘ። አንጓው ላይ አምስት ጥቁር የጣት ምልክት አለ።

"ሚስትህን የገደልኳት እኔ ነኝ" አለ። "ዳስሼ አላየኋትም። አፍሬ ነው።"



"አውቃለሁ" አለው ቢያድግልኝ። "ይህን ከአፍህ እስክሰማ ስድስት ዓመት ጠበቅሁ። አሁን ተነስ። የወንድሜ ሚስት ነፍሰ ጡር ናት፤ ከሌሊት ጀምሮ ደም ይፈሳታል። በጨለማ ሄዶ አንተን የሚጠራ ጠፍቶ ነው እስካሁን የቆየነው።"

ገባ። ሳያፍር ሁሉንም ጠየቃት። ትርታዋን ቆጠረ፤ እግሯን ከፍ አድርጎ በብርድ ልብስ ሸፈናት። ምግብም ውሃም ከለከለ። ከዚያ ቃሬዛውን ከፊት ተሸክሞ፣ ማንም ሳይቀበለው፣ ሆስፒታል ድረስ ወሰዳት። ሴትዮዋ ተርፋለች። ልጇ አልተረፈም። ወንድይፍራውም እስኪሞት ድረስ ያቺን አንጓውን በእጅጌ እንደሸፈነ ኖረ።

በሉ ተነሱ። ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ወደየቤታችሁ ግቡ። በአፋፉ በኩል የምትሄድ ማን ነህ? ብቻህን ነህ? እደር፤ እዚሁ እደር።