በየሁለት ወሩ

ቦይለሩን የገጠመልን ልጅ ሲስቅ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። መጀመሪያ ልቤን የወሰደው ይኸው ልማዱ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለቴ ብቻ ነው። ቦይለሩ ባዶውን እንዳይቃጠል ከጣሪያው ታንከር ጋር አገናኘውና ወደ እናቴ ዞሮ፣ «እማማ፣ የዚህ ሰፈር ውኃ ኖራ ይበዛበታል። በየሁለት ወሩ እየመጣሁ ካልጠረግኩት ዕድሜ አይኖረውም» አላት። ለጠረጋው አምስት ሳንቲም አልቀበልም አለ።

እንዳለውም በየሁለት ወሩ መጣ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሚመጣበት ቀን ሲደርስ መርፌዬ ጣቴን እንጂ ጨርቁን አያገኝም። እሱ መሰላል ላይ ሆኖ ኖራውን ሲፍቅ እኔ ከታች ባልዲ እይዛለሁ።

«ደከመሽ?»

«ባልዲ ይዞ ማን ይደክመዋል?»

እናቴ ከጓዳ ሆና፣ «ይሄ ቦይለር ከእኔ የበለጠ ሐኪም ያየዋል» ትላለች።

በስድስተኛው ጊዜ ሲመጣ የደንበኛዬን የሙሽራ ቀሚስ ለብሼ መስታወት ፊት ቆሜ ነበር። ቁመታችን እኩል ስለሆነ ጫፉን የምለካው በራሴ ላይ ነው። በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ።

አፌ ስፒል ሞልቶት ነበር። አንድ በአንድ አውጥቼ እስክጨርስ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ጀርባውን ሰጥቶኛል። እንዲህ በቀላሉ ከመረቀኝ ምኑም አይደለሁም ብዬ እኔም አኮረፍኩ። የዚያን ቀን ባልዲውን ራሱ ያዘ።

ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ሌላ ከተማ ሥራ ማግኘቱን ሰማሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ቀድሞኝ ይሄዳል፤ ስከፍተው ጎረቤት ነው። ናፈቀኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

በዓመቱ እናቴ የድሮ አለቃውን አስጠራች። ሽማግሌው ቦይለሩን ከፍተው አዩ።

«ትንሽ ኖራ ነው የያዘው። በዓመት አንዴ ከተጠረገ ይበቃዋል።»

«በየሁለት ወሩ አይደለም እንዴ?» አለች እናቴ።

«ማን ነው እንዲህ ያላችሁ?» አሉና ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ያ ልጅ ይህ ጠፍቶት አይደለም።»

ፊቴ ጋለ። የልጁን ስልክ ቁጥር ተቀብያቸው ወደ ጓሮ ወጥቼ ደወልኩለት።

«ቦይለሩ ተበላሸ?» አለ ድምፄን ሲሰማ።

«ደህና ነው። ያ ቀሚስ የደንበኛ ነበር። አላገባሁም።»

መልሱን ሳልጠብቅ ቀጠልኩ።

«አለቃህ በዓመት አንዴ ይበቃል አሉን።»

«ዋሽቼ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔን አይበቃኝም» አልኩት።



«ወደ እናንተ የሚመጣው የመጀመሪያው አውቶቡስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል» አለኝ።