የብራዘር ኮልም ስኳር

መነኩሴው ርዕሰ መምህር ብራዘር ኮልም የሞቱት በአየርላንዶች በዓል፣ በቅዱስ ፓትሪክ ዕለት፣ ከበዓሉ ሰልፍ መልስ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ነው። ሳጅን ሌኒሃን ሲደርስ አስከሬናቸው ከመምህራን ክፍል ወለል ላይ ነበር፤ የበዓሉ ቅጠል ደረታቸው ላይ እንደተሰካ። እንኳንም ትምህርት ቤቱ ዝግ ሆነ፤ ሕፃናቱ ይህን ቢያዩ ምን ይውጣቸው ነበር! የሚያለቅስ የለም። ሻይ ላይ አብረዋቸው የነበሩት ሦስት ሰዎች አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል።

ሻዩን ያፈላችው የጽዳት ሠራተኛዋ ብራይዲ ናት። ወላጅ የሌለውን የልጅ ልጇን ፊንታንን የምታሳድገው እሷው ናት። ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ክንዱም በጄሶ ታስሯል። እሷ ከታሰረች ማሳደጊያ መግባቱ ነው።

ሳጅኑ ስኳር ዕቃው ውስጥ ከስኳሩ የላመ ነጭ ዱቄት አየ። ዕቃ ቤት ደግሞ የአይጥ መርዙ ቆርቆሮ ተከፍቷል።

«ስኳሩን ማን አቀረበው?»

«እኔ ነኝ» አለች ብራይዲ። «ጾም ከገባ ጀምሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር፤ ሁሉም ስኳር ትቶ የለ? ዛሬ ፓትሪክ ነው፣ ጾሙ ለአንድ ቀን ይላላል ብዬ አወጣሁት።»

«ቁም ሳጥኑ ይቆለፋል?»

«በጾም ማን ስኳር ይሰርቃል ብለው ነው?»

«እርስዎስ ጠጡ?»

«የኔን ቤቴ ነው የምጠጣው፣ ከልጁ ጋር።»

የደብሩ ቄስ አባ ደቫን የስኳር በሽተኛ ናቸው፤ ከቀመሱ አሥር ዓመታቸው።

«መምህር ሃንራቲ፣ እርስዎስ?»

«እኔ ለጾም ትቻለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም። ይልቅ እሷን ይጠይቁ፤ ዕቃ ቤት የምትገባው እሷ ናት።»

«አንተስ የስፖርት ኳሶችህን ከዚያው ዕቃ ቤት አይደል የምታወጣው?» አለችው ብራይዲ፣ ቀና ሳትል።

ሳጅኑ የብራዘርን ጠረጴዛ ሊፈትሽ ወጣ። ሲመለስ ደብዳቤ ይዟል። ሦስቱንም አስቀመጣቸው።

«አባ፣ መምህር ሃንራቲ ለጾም የተወው ምን ምን ነበር?»

«ስኳር፣ ውስኪና ኬክ» አሉ አባ ደቫን። «ጾሙ ሲገባ አመድ የተቀባን ዕለት በሰው ፊት ተናግሯል።»

«ይህ የውስኪ ብርጭቆ የማነው?»

«የኔ ነው» አለ ሃንራቲ። «በዓል አይደለም እንዴ?»

«የኬኩ ሳህንስ?»

ሃንራቲ ሳህኑን በእጁ ጀርባ ከፊቱ ገፋ አደረገው።

«ውስኪውን በዓል ነው ብለህ ጠጣህ። ኬኩንም በላህ። ስኳሩ ጋ ስትደርስ ብቻ ጾምህ ትዝ አለህ። በፓትሪክ ዕለት እንዲህ መርጦ የሚጾም አላየሁም። መርዙን ብራይዲ ጨምራው ቢሆን፣ አንተ በምን አውቀህ ሸሸኸው? አባ አይቀምሱም፣ እሷ እዚህ አትጠጣም። የሚቀሩት ኮልም ናቸው፤ ሦስት ማንኪያ እንደሚጨምሩም ታውቃለህ።»

«ምን አድርገውኝ?»

«ይኸው፣ ለአባ የጻፉት። ልጅ ደብድበህ ክንዱን እንደሰበርክ፣ ከእንግዲህ ክፍል መግባት እንደሌለብህ፣ ይህንንም ፊት ለፊት እንደነገሩህ። የልጁም ስም አለ።» ሳጅኑ ወደ ብራይዲ ዞረ። «ፊንታን።»

«ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬ» አለ ሃንራቲ፣ ለማንም ሳይሆን። «በአንድ ልጅ።»

ሳጅኑ የጠራቸው ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ብራይዲ አላየችውም።

«ከአጥር ወደቅሁ ነው ያለኝ» አለች በመጨረሻ። «እኔም ምን ልታደርግ ወጣህ ብዬ ተቆጣሁት።»

«ቤትዎ ይግቡ እትዬ» አላት ሳጅኑ። «ልጁ ይጠብቅዎታል።»

ብራይዲ ተነሣችና እላይዋ ላይ ያለውን ካፖርት መፈለግ ጀመረች።