ሞተር ውስጥ የተገኘ ሰም

ሞተሩ ሲነሳ ጋራዡ ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ሸተተ።

ዘሩ ቶሎ ብሎ አጠፋው። ለፍኖተ ሰላም የሞተር ሳይክል ቡድን ሦስት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ ያስገኘውን ሞተር ያበጀው እሱ ነው። የሚቃጠል ዘይትና የሚቃጠል ጎማ በአፍንጫው ይለያል። ይህ ግን ሌላ ነው። የጧፍ ሽታ ነው።

ቴስታታውን፣ የሞተሩን ራስ ማለት ነው፣ ፈታው። አየርና ቤንዚን በሚገባበት ቦይ ውስጥ ቢጫ ሰም ተለጥፏል።

ዘሩ ክው አለ። የቡድኑ ምስጢር ያ ቦይ ነው። ክረምቱን ሙሉ በሞረድ እየፋቀ፣ በጣቱ እየዳሰሰ ያወጣው ቅርጽ ነው። ጠማማ ስለሆነ ፎቶ አይይዘውም። ቅርጹን መስረቅ የፈለገ ሰው የሚለሰልስ ነገር ጠቅጥቆ ማውጣት አለበት። አንድ ሰው ይህንኑ አድርጓል።

"ቡሬዎች ናቸው!" አለ የጋራዡና የቡድኑ ባለቤት አብዱልሀኪም። ከተፎካካሪያቸው ከቡሬ ቡድን ጋር የሚደረገው የዘንድሮው ውድድር ቡሬ ላይ ነው፤ ሁዳዴና ረመዳን የተገናኙበት ዓመት ስለሆነ ሁለቱም ጾም እስኪፈታ ተቀጥሯል።

ቀጥሎ ፊቱ ተለወጠ። ቴስታታው ሞተሩ ላይ እስኪገጠም የሚቆለፍበት ሳጥን አልተሰበረም። ቁልፉ ሁለት ነው። አንዱ አብዱልሀኪም ቤት ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ ሌላው ዘሩ ኪስ ውስጥ ነው። ከጋራዡ ሰዎች ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሳሚው ዘሩ ብቻ ነው።

"ጋሼ ዘሩ አያደርገውም" አለ ሙንዲር ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ሙንዲር የአብዱልሀኪም ታናሽ ወንድም ነው፤ በሞተሩ የሚወዳደረውም እሱ ነው።

አብዱልሀኪም አልሰማውም። የዘሩን ቁልፍ ተቀብሎ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ወሬው ግን ከእሱ ቀድሞ ገበያ ደረሰ።

ኢንስፔክተር ንግሥቴ ሞተር አትወድም። ጆሮ ያደነቁራል ትላለች። ዘሩን ፊት ለፊቷ አስቀመጠችው።

"ቁልፉን ለሰው ሰጥተው ያውቃሉ?"

"ለማንም።"

"ቡሬዎች እኛ ዘንድ ይሥሩ ብለውዎት ያውቃሉ?"

"በየዓመቱ ይላሉ።"

"ታዲያ?"

"ብከዳማ ሄጄ እሠራላቸው የለም ወይ? ሰም ምን ያደርግልኛል? ቅርጹ ያለው ጣቴ ላይ ነው።"

ጥሩ መልስ ነው። ጥሩ መልስ ግን ሌባም አያጣም። ዘሩ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመ።

"እመቤቴ፣ ሥራው ይቅርብኝ። ልጆቼ በገበያ ሲያልፉ የሌባ ልጅ ተባሉ።"

ንግሥቴ በማግስቱ በሚኒባስ ቡሬ ወረደች። የቡሬ ቡድን አለቃ እንድሪያስ ሞተሩን በሸራ ሸፍኖ ተቀበላት።

"ሸራውን ግለጠው።"

"ለውድድሩ ቀን ይገለጣል።"

"ዘሩ ነው የሰጠህ?"

እንድሪያስ ከልቡ ሳቀ። "ምነው በሆነና! ዘሩን ባገኝማ ሌላ ምን እፈልግ ነበር?"

የተደበቀ ነገር እንዳለ ገባት። ዘሩ እንዳልሰጠውም ገባት። ማን እንደሰጠው ግን አላወቀችም፤ እየተናደደች ተመለሰች።

ከቦዩ የተፋቀውን ሰም በወረቀት ጠቅልላ ጧፍ ሠሪዋ እማማ ታንጉት ዘንድ ወሰደችው። ታንጉት በጣታቸው አሹት፤ አሸተቱት።

"ጧፍ አይደለም። የጧፍ ሰም የተነጠረ ነው። ይህ ጥሬ ሰፈፍ ነው፤ የንብ ክንፍ እንኳ አልወጣለትም።"

"ሰፈፍ ከየት ያገኛሉ?"

"ማር ሲበጠበጥ ላዩ ላይ የሚቀረው አይደል ወይ? ሌላ ጊዜ ጠጅ ከሚጥሉ ቤቶች ነው። በሁዳዴ ማን ጠጅ ይጥላል? በረመዳን ግን እስላሞቹ ለማፍጠሪያ ብርዝ ይበጠብጣሉ። የአብዱልሀኪም ሚስት ኡምሀኒ፣ አላህ ይስጣት፣ ሰፈፉን ሁልጊዜ ለእኔ ነው የምታስቀምጠው።"

"ዘንድሮስ?"

"ልቀበል ብሄድ፣ 'ሙንዲር አደርሳለሁ ብሎ ወሰደልዎት' አለችኝ። ኧረግ! ሙንዲር እኔ ቤት መቼ መጣ?"

ንግሥቴ ሙንዲርን ጋራዡ ውስጥ አገኘችው። ወንድሙም ነበር።

"ለእማማ ታንጉት የወሰድከው ሰፈፍ የት ደረሰ?"

ሙንዲር ሞተሩ አጠገብ ቁጭ አለ።

"ዘሩ ቅዳሴ ሲሄድ ነው ያደረግኩት። ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ ወሰድኩ።"

"ስንት ሰጡህ?" ብሎ ጮኸ አብዱልሀኪም።

"ሳንቲም አልተቀበልኩም። አሸንፌ በመጣሁ ቁጥር ሰው የሚያቅፈው ጋሼ ዘሩን ነው። 'የዘሩ ሞተር ቀደመ' ነው የሚሉት። እኔ የተጫንኩ ጆንያ ነኝ። ቡሬዎችም ያንኑ ሞተር ይያዙና ያኔ ብቀድም፣ የቀደምኩት እኔ ነኝ ማለት ነው።"

"ጧፍ እንደሚሸት አላሰብክም?" አለች ንግሥቴ።

"ለእኔ እኮ ጧፍ አይሸተኝም። ማፍጠሪያ ማፍጠሪያ ነው የሚሸተኝ። ቤታችን ወሩን ሙሉ እንዲያ ነው።"

"ዘሩ ሌባ ሲባል ለምን ዝም አልክ?"

"ከውድድሩ በኋላ ልናገር ነበር።"

"እስከዚያስ ልጆቹ በየት ይለፉ?"

ሙንዲር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አሳዘናት፤ ይህንንም ራሷ አልወደደችውም።

አብዱልሀኪም ሽማግሌ ይዞ ዘሩ ደጅ ቆመ። ይቅርታ ጠየቀ፤ ቁልፉን መለሰ፤ ሙንዲርን ከውድድሩ አስወጣዋለሁ አለ።

"አታስወጣው" አለ ዘሩ። "ይልቅ እኔ ቡሬ ልሂድ። ሰም ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። በሰሙ ልክ የወጣው የእነሱ ቦይ ጠቧል፤ ሞተራቸው ይታነቃል። አስተካክልላቸዋለሁ።"

"አብደሃል?"

"ልጁ አንድ ነገር ማወቅ ፈልጓል። የታነቀን ሞተር ቢቀድም ምን ያውቃል? አንድ ነገር ግን አለኝ። ስሜ የጠፋው በአደባባይ ነው፤ የሚመለስልኝም በአደባባይ ይሁን።"

አብዱልሀኪም ክሱን አነሳ። እንድሪያስም የቀረበለትን ነገር ማመን እያቃተው ሸራውን ገለጠ።

ውድድሩ ከፋሲካና ከኢድ በኋላ ቡሬ ሜዳ ላይ ተደረገ። ንግሥቴ ጆሮዋን በነጠላዋ ሸፍና ተመለከተች። የቡሬው ልጅ በግማሽ ጎማ ቀደመ።

ሙንዲር ሞተሩን እየገፋ ዘሩ ፊት መጣ። ፊቱ በአቧራና በእንባ ተለውሷል።

"አወቅሁ ጋሼ ዘሩ።"

"አይዞህ" አለ ዘሩ ትከሻውን ይዞ። "አንተ ሁለተኛ ወጣህ። እኔ አንደኛም ሁለተኛም ወጣሁ።"

ሙንዲር ሳይወድ ሳቀ።

ወዲያው ድምፅ ማጉያው ተንኳኳ። "የአንደኛውንም የሁለተኛውንም ሞተር ራስ ያበጁት የፍኖተ ሰላሙ አቶ ዘሩ ናቸው!" አለ ለፍላፊው። ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ።

ዘሩ ግን ወደ ለፍላፊው ሄደ። ልጆቹ የቆሙት ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ነበር።

"እስቲ ጮክ ብለህ ድገመው" አለው።